የደነዘዘ ጣት፦ ስለ ካርፓል ታነል የስሜት ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ብርድ መትቶኝ ነው።»
ጣና ዳር የዓሣ ፊሌቶ ሲያወጡ የሚውሉም ሆኑ ስፌት የሚሰፉ ሰዎች ሌሊት ጣታቸው ደንዝዞ ሲነቁ የሚሉት ይህንኑ ነው። ብርድ ግን ጣት አይመርጥም። በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ ዋሻ (ካርፓል ታነል) የሚጨቆነው ሚዲያን ነርቭ የሚደርሰው አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ላይ ነው። ትንሿ ጣት በሌላ ነርቭ ነው የምትሰማው። ስለዚህ የማነጻጸሪያዋ ጣት እሷ ናት፤ በተለይ ቢላ ያጠነከረውን ቆዳ ስንመረምር።

«መዳፉም መደንዘዝ አለበት።»
የለበትም። ከአውራ ጣት ሥር ወዳለው ሥጋማ መዳፍ የሚሄደው ቅርንጫፍ በዋሻው ውስጥ አያልፍም። እዚያም ከደነዘዘ መንስኤው ከአንጓው በላይ፣ ክንድና አንገት ድረስ ይፈለግ።

«ለመመርመሪያ የመረብ ናይለንም ይበቃል።»
አይበቃም። ቆዳ እየተነካ ስሜት የሚለካበት የናይለን ክር ውፍረቱም ርዝመቱም ተለክቶ የተሠራ ነው፤ 2.83 የሚል ቁጥር ያለው 0.07 ግራም ያህል ሲጫነው ይጎብጣል፣ ጤነኛ የጣት ጫፍም ይሰማዋል። ካልተሰማ ወፍራም ወደሆነው ክር፣ ወደ 3.61 ይታለፋል። የስኳር ሕመምተኞች እግር የሚመረመርበት ባለ 10 ግራሙ ለጣት እጅግ ወፍራም ነው፤ በእሱ ተመርምሮ «ደህና ነህ» መባል ምንም አይነግርም።

ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ፎጣ ላይ ያሳርፍ። ክሩን ቀጥ አድርገው አስነክተው፣ እስኪጎብጥ ብቻ ተጭነው፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይዘው ያንሡት። ከተንሸራተተ የተሰማው መነካቱ ሳይሆን መታሸቱ ነው። በየነኩ ቁጥር «ተሰማህ?» አይበሉ፤ የእኛ ሰው ሐኪም አክብሮ «አዎ» ይላል። ራሱ ሲሰማው ይናገር፣ እርስዎም የሚነኩበትን ጊዜ ያዘበራርቁ። የክረምት እርጥበት ናይለኑን እንደሚያለሰልሰውም አይርሱ።

«ሁለት ነጥብ ከለየ ነርቩ ደህና ነው።»
የጣት ጫፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት የተነኩ ሁለት ነጥቦችን መለየት ይችላል። ይህ ችሎታ ግን የሚጠፋው ዘግይቶ ነው፤ ቀድሞ የሚደክመው ለቀላል ንክኪ ያለው ስሜት ነው።

«ቀን ሲመረመር ደህና ከሆነ በሽታው የለም።»
በመጀመሪያው ደረጃ ስሜቱ ቀን ቀን ሙሉ ሊሆን ይችላል። አንጓውን ለ60 ሰከንድ አጥፎ ማቆየት፣ ወይም ዋሻውን ለ30 ሰከንድ በአውራ ጣት መጫን ድንዛዜውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህም ካልቀሰቀሰው «ሌሊት ስትነቃ እጅህን ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። እያራገፈ ካሳየዎት፣ ይህ የበሽታው ምልክት ነውና የነርቭ ፍጥነት መለኪያ ምርመራ ይታዘዝለት።