ከርነል ስታዋቅሩ ኮከብ ወይስ «ኤም»?

የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ የሚገነባ ሰው «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ብሎ ከርነሉ ውስጥ የሚገባው የሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ግር የሚለው ይሄ ነው፦ አንዱ መስመር ፊት ኮከብ፣ ሌላው ፊት «ኤም»፣ ሌላው ፊት ባዶ። ኮከብ ያለው ከርነሉ ፋይል ውስጥ አብሮ ይጠቃለላል። «ኤም» ሞጁል ነው፤ ለብቻው ፋይል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ይጫናል። ባዶው ጭራሽ አይገባም።

ጣጣው የሚመጣው ዲስኩ ላይ ነው። ሲስተሙ ያለበት ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) የፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ሆኖ ኢኤክስቲ4ን «ኤም» ካደረጋችሁት፣ ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ውስጥ፣ ዲስኩን የሚከፍተው ደግሞ ሞጁሉ ይሆናል። ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደመቆለፍ ነው። ሞጁሉን የያዘ ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ሚሞሪ ላይ የሚጫን ትንሽ የፋይል ጥቅል) ካላዘጋጃችሁ ከርነሉ ሩቱን (ሲስተሙ ያለበትን ፓርቲሽን) መክፈት አቅቶት ፓኒክ ያደርጋል፤ ማለትም ሥራውን ያቆማል። ለጀማሪ የሚሻለው የፋይል ሲስተሙንም የዲስኩን ድራይቨርም (ዲስኩን የሚያሠራውን ኮድ፤ ለምሳሌ ለኤንቪኤምኢ ዲስክ የሚሆነውን) ኮከብ ማድረግ ነው።

ሁሉንም ኮከብ ላድርግ ማለትም አያዋጣም። ብዙ የዋይፋይ ድራይቨሮች ፈርምዌራቸውን (መሣሪያው ራሱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም) ከዲስክ ነው የሚያነቡት፤ ዲስኩ ሳይከፈት ከተነሱ ፈርምዌሩን ያጡትና ዋይፋዩ አይሠራም። እነሱን «ኤም» ላይ ተዉአቸው።

«ኤም» ያላችሁት ሁሉ ቦታው የሚደርሰው ደግሞ ከርነሉን ራሱን ከሚጭነው «ሜክ ኢንስቶል» በፊት «ሜክ ሞጁልስ_ኢንስቶል» ስትሉ ነው። አዲሱ ባይነሳ መመለሻ እንዲሆናችሁ አሮጌውን ከርነል ከቡት ሜኑው (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነል ከሚመረጥበት ዝርዝር) አታጥፉት።