"ሶፍትዌሩ ራሱ ሪፖርት ያወጣ የለ እንዴ?"

ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት። ሰሞኑን እንኳን አንድ ጎበዝ ልጅ የሰራኸውን ላክልኝ ስለው 1,400 ገፅ ፒዲኤፍ ላከልኝ። ሪፖርቱስ? አልኩት። "ይሄው ነዋ፣ ኤክስፖርት አርጌዋለሁ" አለኝ። እናንተም የዲጂታል ፎረንሲክ፣ ማለትም ከኮምፒውተርና ከስልክ ማስረጃ የማውጣት ስራ የጀመራችሁ ልጆች ስለሆናችሁ ዛሬ ልናገረው።

ወንድሜ፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ጥሬ እቃ ነው። የደም ምርመራ ወረቀት ለታማሚው አስይዞ "በል ደህና ግባ" የሚል ሐኪም አይተህ ታውቃለህ? ዳኛውም ስራ አስኪያጁም የሚፈልጉት ምን ተጠየቅክ፣ ምን አገኘህ፣ ከየትኛው ፋይል ላይ አገኘኸው፣ ምን ማለት ነው፣ ምን ማለትስ አይደለም የሚለውን ነው። ቱሉ፣ ማለትም የምንመረምርበት ሶፍትዌር፣ ደግሞ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍሎሪዳ ውስጥ ልጇን ገድላለች ተብላ በተከሰሰችው በኬሲ አንቶኒ ችሎት ላይ ቤት ውስጥ ከነበረው ኮምፒውተር ስለ ክሎሮፎርም (ሰው የሚያደነዝዝ ኬሚካል) የሚያወራ ገፅ 84 ጊዜ ተከፍቷል ተብሎ ቀረበ። 84 ጊዜ! ቁጥሩን ያወጣው ሶፍትዌር ነው። ቀደም ብሎ በሌላ ቱል የተሰራው ምርመራ ግን 1 ነበር የሚለው፣ በኋላም የሶፍትዌሩ ሰሪ ራሱ ገብቶ ሲያየው ገፁ የተከፈተው አንዴ ነው፣ 84ቱ ማይስፔስ የሚባለው የማህበራዊ ሚዲያ ድረ ገፅ የተከፈተበት ነው። ስለዚህ ክስ የሚመሰረትበትን ቁጥር በሁለተኛ ቱል ወይ ጥሬውን ዳታ ከፍተህ በአይንህ ሳታይ አትፃፍ፣ የቱሉን ስምና ቨርዥንም አስቀምጥ።

"ሃሽ አለው፣ አለቀ።" አላለቀም። ሃሽ ማለት ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ነው፣ ሻ 256 የሚባለው የሃሽ አይነት የሚነግርህም ኮፒው ሃሹ ከተወሰደ በኋላ አለመነካቱን ነው። ላፕቶፑ አንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ሶስት ቀን የአይቲው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ከነበረ ሃሹ ምን ያድርግ? ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ አስረከበ የሚለው ወረቀት ነው ያንን የሚመልሰው።

"ስክሪንሾት በቂ ነው።" አይደለም።

"ያላገኘሁትን አልፅፍም።" ትፅፋለህ! ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ ፈልገህ ካጣህ የት የት እንደፈለግክ ፃፍ፣ አለበለዚያ የተከሳሽ ጠበቃ "ይሄንን አይተሃል?" ሲልህ ላብ በላብ ትሆናለህ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "ሰዓት ሰዓት ነው፣ ቱሉ ያሳየውን መገልበጥ ነው።" እኛ አገር ላይ ሆኖ ይሄን የሚል ሰው ሪፖርት ባይፅፍ ይሻላል።

አንድ መስሪያ ቤት ፋይል ተሰርዞ ተጠራን። ሎጉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተደረገውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ በዩቲሲ (በአለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 05:14 ይላል። የኛ ሰዓት በሶስት ይቀድማል፣ ስለዚህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 08:14፣ በኛ ደግሞ ከጠዋቱ 2:14። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ሶስቱን ደመረ፣ ትክክል ነው፣ ከዛ "በ8:14 ሰዓት ተሰርዟል" ብሎ ፃፈ፣ እኔም (እኔም!) ሳላየው ፈረምኩ። ያነበበው ሃላፊ ኢትዮጵያዊ ነው፣ 8:14 ሲል ከምሳ በኋላ ነው የሚታየው። ኮምፒውተሩን ሁለት ሰዎች በፈረቃ ነበር የሚጠቀሙበት፣ እና የከሰዓቱ ልጅ ሁለት ሳምንት ከስራ ታገደ። እኛ ስህተቱን አግኝተን እስክናስተካክል ድረስ ሰፈር ምን ሲለው እንደከረመ አላውቅም፣ እናቱ ግን ቢሮ ድረስ መጥተው አልቅሰዋል። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁሉንም በሶስት ረድፍ ነው የምፅፈው፦ ዩቲሲ፣ የምስራቅ አፍሪካ ሰዓት በ24፣ ከዛ "ከጠዋቱ" ወይ "ከምሽቱ" ተብሎ በኛ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ ትክክል እንደነበርም መጀመሪያ አረጋግጣለሁ፣ ውስጡ ያለው የሰዓት ባትሪ የሞተበት ዴስክቶፕ ወደ ኋላ ብዙ አመት ሄዶ ታገኘዋለህ። ቀኑም እንደዛው፣ "2016" ብሎ የተወ ሰው የኛን ይሁን የፈረንጆቹን ማን ይወቅለት? ሰባት ስምንት አመት ልዩነት እኮ ነው፣ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ማለት ምን ያህል ቀለም ይፈጃል።

ከዛው ታሪክ ሌላ ነገር፦ ጠዋት የሚገባው ሰውዬ ነው የሰረዘው ብለን ፃፍን? አልፃፍንም። የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ እንኳን የማንም ስም አልነበረም፣ ስሙን የጨመረው አንባቢው ነው። ሎግ የሚያውቀው አካውንት እንጂ ሰው አይደለም፣ ፓስወርዱ ደግሞ እንደተለመደው ሞኒተሩ ጀርባ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። "በዚህ አካውንት፣ በዚህ ሰዓት፣ ይሄ ፋይል ተሰርዟል" ነው የኛ ድርሻ። ወንበሩ ላይ ማን ነበር የሚለውን ካሜራው፣ የመግቢያው መዝገብ፣ ምስክር ይናገሩ። በሁለተኛው ሪፖርት ይሄንኑ "አካውንቱን ማን ሲጠቀም እንደነበር ከኮምፒውተሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም" ብለን መጀመሪያ ገፅ ላይ አወጣነው። ሃላፊው ደስ አላለውም፣ "ታዲያ ለምን ከፈልናችሁ?" አለ።