ስፓስቲሲቲ ምንድን ነው? ከህብለሰረሰር ጉዳት በኋላ የሚከሰተው የጡንቻ መገተርና ሕክምናው

ስፓስቲሲቲ ጡንቻ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ የሚወጠርበትና የሚገተርበት፣ አንዳንዴም በድንገት የሚፈራገጥበት ሁኔታ ነው። ህብለሰረሰር እንደተጎዳ ወዲያውኑ አይታይም፤ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ለቀናት ወይም ለሳምንታት ልፍስፍስ ብሎ ይቆይና ሪፍሌክሶች (ያለ አንጎል ትእዛዝ የሚመጡ የአካል ምላሾች) ሲመለሱ እግር በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ሊራመድልን ነው» ብሎ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን እንቅስቃሴው በአንጎል ትእዛዝ የመጣ ስላልሆነ ብቻውን የመዳን ምልክት አይሆንም።

ጡንቻ በድንገት ሲሳብ መልእክቱ ወደ ህብለሰረሰር ይደርስና «ተኮማተር» የሚል ምላሽ ይመለሳል፤ በጤናማ ሰው ይህን ምላሽ አንጎል ከላይ ሆኖ ይገታዋል። ጉዳቱ ከአንጎል የሚወርደውን መስመር ሲያቋርጥ ከታች ያለው ዑደት ያለ ገደብ ይሠራል። ለዚህም ነው ጉልበት ቀስ ተብሎ ሲታጠፍ እሺ የሚለው፣ በፍጥነት ሲታጠፍ ግን የሚገተረው። በዊልቸሩ የእግር ማሳረፊያ ላይ ያረፈ እግር፣ ፔዳል እንደሚረግጥ የልብስ ሰፊ እግር ተረከዙ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንቀጠቀጠውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

መገተሩ ከወትሮው ሲብስ ብዙዎች በቅድሚያ የክኒን መጠን መጨመርን ያስባሉ። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ከጉዳቱ በታች ሕመም የማይሰማው ሰው፣ አካሉ የሚናገርለት ብዙ ጊዜ በመገተር ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የፊኛ ጠጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ የአልጋ ቁስል፣ ያልታወቀ ስብራት፣ ወደ ሥጋ የገባ የአውራ ጣት ጥፍር፣ ወይም ጫማ ውስጥ የተጣጠፈ ካልሲ እንኳ እግርን ሌሊቱን ሙሉ ሊያስፈራግጥ ይችላል። መንስኤው ሲታከም መገተሩም ብዙ ጊዜ ይረግባል።

የዕለት ተዕለቱ መሠረት ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ጡንቻን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ በድጋፍ መቆምና አቀማመጥን ማስተካከል መገጣጠሚያ ታጥፎ እንዳይቀር ይረዳሉ። ከመድኃኒቶች መካከል በስፋት የሚታዘዘው ባክሎፈን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ተብሎ ይጀመርና በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይጨመራል። እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘቱ የታወቀ ነው፤ ከዚያ የከፋው አደጋ ግን መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው። ክኒኑ አልቆበት ጥቂት ቀን የሚቆይ ታማሚ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቅዠትና የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ከማለቁ በፊት ማስሞላትን ቤተሰቡ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ችግሩ በጥቂት ጡንቻዎች ላይ ብቻ ሲሆን ጡንቻን የሚያላላ የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ይሰጣል፤ ውጤቱ 3 ወር ገደማ ይቆያል። ክኒን ያልበገረው ጽኑ መገተር ሲሆን ደግሞ ከሆድ ቆዳ ሥር የምትቀበር ፓምፕ ባክሎፈኑን በማይክሮግራም እየመጠነች በቀጥታ ህብለሰረሰሩን ወደከበበው ፈሳሽ ታደርሳለች፤ ይህ ዘዴ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ተፈቅዷል።

መገተሩን ጨርሶ ማጥፋት ግን ሁልጊዜ ግብ አይደለም። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲሸጋገር በተገተሩ እግሮቹ ላይ ለአፍታ የሚቆም ሰው፣ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ካላላቸው ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪሙ እንቅልፍ የሚነሳውን የሌሊት መፈራገጥ ለማስታገስ የማታውን መጠን ከፍ አድርጎ፣ ለመነሣት የሚያግዘው መገተር እንዲተርፍለት የጠዋቱን ዝቅ ሊያደርግለት ይችላል።