ቤዝቦልን በእግር ኳስ ጆሮ

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣበት ጠረጴዛ አለ። ወሬው ሁሌም አርሰናልና ማንቼ ነው። ዲሴምበር 2023 ላይ ግን አንዱ ወዳጃችን ስልኩን እያየ «ኧረ ጉድ! ኦታኒ በ700 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ!» አለ። ጠረጴዛው ተንጫጫ። «ኔይማር እንኳ 222 ሚሊዮን ዩሮ ነው!» «ሻጩ ክለብ በዚህ ብር ስቴዲየም ይሠራበታል!» ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው አሉ፤ ታክሲ ሲነዱ የኖሩት የቤዝቦል ሬዲዮ እየሰሙ ነው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ማንም ማንንም አልሸጠም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ አልቆ የብርዱ ገበያ በተከፈተ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ችግራችን ቤዝቦልን በእግር ኳስ ጆሮ መስማታችን ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች እነሆ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦታኒ በ700 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ»

ጋሼ ልክ ነበሩ። ጃፓናዊው የቤዝቦል ኮከብ ሾሄይ ኦታኒ ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሲፈርም ከኤንጀልስ ጋር የነበረው ውል አልቆ ነበር። በእኛ ቋንቋ ነፃ ዝውውር ነው። ኤንጀልስ ከዶጀርስ አንድ ዶላር አልተቀበለም። 700 ሚሊዮኑ የ10 ዓመት ደመወዝ ነው።

እሱም ቢሆን በየዓመቱ 70 ሚሊዮን ኪሱ ይገባል ማለት አይደለም። በውሉ ዘመን በዓመት የሚከፈለው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው 680 ሚሊዮን ከ2034 እስከ 2043 ድረስ ያለ ወለድ ይሰጠዋል። እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም የሚወስዱት ብር በቁጥር እኩል ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን አይገናኝም። ሊጉ ራሱ ይህን ውል ደመወዝ ያበዛ ክለብ ለሚከፍለው ግብር ሲያሰላው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ነው ያለው።

እንደ እግር ኳሱ ለክለብ የዝውውር ክፍያ የሚከፈለው ተጫዋቹ ለምሳሌ ከጃፓን ክለብ ሲመጣ ነው። ኳስ ወርዋሪው ዮሺኖቡ ያማሞቶ በዚያው ብርድ ለዶጀርስ በ325 ሚሊዮን ሲፈርም፣ የጃፓኑ ክለቡ ኦሪክስ ከዚያ ውጪ 50.6 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል።

«ተጫዋቹ እሺ ካላለ የትም አይሄድም»

ይሄኛው ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል። በእግር ኳስ ሁለት ክለቦች ቢስማሙም ተጫዋቹ አልሄድም ካለ ነገሩ አበቃ። በቤዝቦል ልውውጥ፣ ትሬድ በሚሉት፣ የሚዘዋወረው ውሉ ነው። ሰውዬው ውሉን ተከትሎ ሻንጣውን ይሸክፋል። ብዙ ጊዜ በምትኩ የሚመጣው ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ተጫዋች ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል ስም የሌላቸው ወጣቶችም ጭምር።

የኛው የዋሽንግተኑ ናሽናልስ በኦገስት 2022 ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ሲሰጥ የሆነውን እንይ። በልውውጡ ውስጥ ኤሪክ ሆስመር የሚባል ተጫዋች ወደ ዋሽንግተን እንዲመጣ ታስቦ ነበር። እሱ ግን ውሉ ላይ «ወደ እነዚህ ከተሞች ያለፈቃዴ አልላክም» የሚል አንቀጽ ነበረው፤ ዋሽንግተንም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። እምቢ አለ። በእሱ ቦታ ሉክ ቮይት መጣ፣ ሆስመር ቦስተን ገባ። ሶቶ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሄደ። በዲሴምበር 2023 ሳንዲያጎ ደግሞ ለያንኪስ ሰጠው፤ አሁንም የጠየቀው የለም። ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሞልቶት ነፃ ሲወጣ ግን ተራው የእሱ ሆነ። ዲሴምበር 2024 ላይ ለሜትስ በ15 ዓመትና በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አራት ማሊያ ለበሰ፤ የመጨረሻዋን ብቻ ነው ራሱ የመረጣት።

ይህች ነፃ መውጣት የምትባል ነገር በችሮታ አልመጣችም። በ1969 ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኩርት ፍለድን ወደ ፊላዴልፊያ ሲልከው፣ 12 ዓመት የተጫወተው ሰው «የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ አይደለሁም» ብሎ ለኮሚሽነሩ ጻፈ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1972 በዳኞቹ ድምፅ 5 ለ 3 ተረታ። የተጫዋችነት ዘመኑም በዚሁ አለቀ። በሩ የተከፈተው በ1975 መጨረሻ፣ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች የግልግል ክርክር ነው። ዛሬ 10 ዓመት በሊጉ የቆየና የመጨረሻዎቹን 5 በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ያለፈቃዱ አይላክም።

«ካልተጫወተ አይከፈለውም»

ይከፈለዋል። ኳስ ወርዋሪው ስቴፈን ስትራስበርግ በ2019 ናሽናልስን ለዋንጫ አብቅቶ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በዚያው ዲሴምበር ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት 8 ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። ገንዘቡ ግን ዋስትና ያለው ነው። ማክስ ሸርዘርም በ2021 ከዋሽንግተን ቢሄድም፣ የድሮው ውሉ በዓመት 15 ሚሊዮን እየተቆራረሰ እስከ 2028 ይከፈለዋል። አንድ ቡድን የሌላ ቡድን ማሊያ ለለበሰ ሰው ደመወዝ ሲከፍል ብታዩ አትደነቁ።

«ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው»

የቅርጫት ኳሱ ነገር ተደባልቆብን ነው። እዚህ ያለው ግብር ነው። አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ደመወዝ ማለፍ የሌለበት መስመር በ2025 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያለፈ ይቀጣል፤ በተከታታይ ያለፈ የባሰ ይቀጣል። ዶጀርስ በ2024 103 ሚሊዮን ገደማ ግብር ከፍሎ ዋንጫውን ወሰደ። «ስለዚህ ዋንጫ በገንዘብ ይገዛል» ለምትሉ ደግሞ፣ ሜትስ ሶቶን ይዞ በ2025 ወደ ጥሎ ማለፉ እንኳ አልገባም።

«የዝውውር መስኮቱ ስንት ቀን ቀረው?»

ነፃ ተጫዋች ለማስፈረም መስኮት የለም። ብሌክ ስኔል፣ ያውም የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ በተሸለመ ማግሥት፣ በ2024 የፈረመው ማርች አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። የመጨረሻ ቀን ያለው ልውውጡ ነው፤ እሱም በበጋው መሀል።

«ቡድን የሚሰደደው ደጋፊ ሲያጣ ነው»

ይህን አባባል ባልወደው ምክንያት አለኝ፤ የምኖረው ሁለት ቡድን ያጣ ከተማ አጠገብ ነው። ሴፕቴምበር 30፣ 1971 ማታ ዋሽንግተን አርኤፍኬ ስቴዲየም ውስጥ የዚያን ጊዜው የከተማው ቡድን ሴናተርስ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ ነበር። ለመጨረስ የቀረው ከተጋጣሚው አንድ መቺ ከጨዋታ ማስወጣት ብቻ ነው። ቡድኑ ግን በማግሥቱ ዓመት ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ተወስኗል። ደጋፊው አልቻለም፤ ሜዳውን ወረረው። ቤዙን፣ ተጫዋች ሮጦ የሚረግጠውን ትራስ፣ ነቅሎ የሄደ አለ፣ ሣሩን የቦጨቀ አለ። ዳኞቹ ጨዋታውን አቋርጠው ለያንኪስ 9 ለ 0 ፎርፌ ሰጡ። ያሸነፉትን ጨዋታ በቁጭት የተሸነፉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊትም በ1961 ሌላ ሴናተርስ ወደ ሚኒሶታ ሄዶባቸዋል። በ2005 ናሽናልስ ሲመጣ እኛ ጨፈርን፤ የመጣው ግን ከሞንትሪያል ተነቅሎ ነው።

የኦክላንዱ ደግሞ የባሰ ነው። ጁን 13፣ 2023 የአትሌቲክስ ደጋፊዎች የተገላቢጦሽ አድማ መቱ፤ መቅረት ሳይሆን መምጣት። 27,759 ሰው ገብቶ ባለቤቱ ጆን ፊሸር ቡድኑን እንዲሸጥ ጮኸ። ከሁለት ቀን በኋላ የኔቫዳ ገዢ ለላስ ቬጋስ ስቴዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ወንበሩ ባዶ መሆኑ ሰበብ ነው፤ ጥያቄው አዲሱን ስቴዲየም ማን ይሠራል የሚለው ነው ባይ ነኝ። ዋሽንግተንም ናሽናልስን ያገኘችው ከ600 ሚሊዮን በላይ የወጣበትን ስቴዲየም ለመሥራት ተስማምታ ነው።

«ባለቤቱ ከፈለገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል» የሚለውም ልክ አይደለም። ከ30ዎቹ ባለቤቶች የሦስት አራተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፉትቦል ሬደርስ በ1982 ሊጉን እምቢ ብሎ ከኦክላንድ ሎስ አንጀለስ ገብቷል፣ ፍርድ ቤትም ረትቷል። ቤዝቦልን ግን የ1922 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከፀረ ሞኖፖል ሕጉ ስለሚከልለው፣ እንዲህ ያለ ክስ አይሳካም። ለአትሌቲክስ ድምፅ የተሰጠው ኖቬምበር 2023 ነው፤ 30 ለ 0።

ሴፕቴምበር 26፣ 2024 ለመጨረሻው የኦክላንድ ጨዋታ 46,889 ሰው ገባ። ቡድኑ 3 ለ 2 አሸነፈ፣ አሰልጣኙ ማርክ ኮትሴይ ማይክ ይዞ ከሕዝቡ ጋር የኦክላንድን ስም ጮኸ። አሁን ዌስት ሳክራሜንቶ ውስጥ 14 ሺህ ገደማ ሰው በሚይዝ ሜዳ ነው ያሉት፤ ላስ ቬጋስ በ2028 ትጠብቃቸዋለች። ስማቸው አትሌቲክስ ብቻ ነው፤ ከተማ የለውም። በ2025 ማሊያቸው ላይ አንዱ እጅጌ ሳክራሜንቶ ይላል፣ ሌላው ላስ ቬጋስ።