ውሻ ሮጠ ማለት አበደ ማለት አይደለም

ስልኬ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሲጮህ ምን እንደምሰማ ሳላነሳው አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ ውሻው አበደ! ግቢውን እየዞረ ይሮጣል!» ደሴ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን አቤቱታ ከጢጣም፣ ከሆጤም፣ ከቧንቧ ውሃም ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስደርስ ውሻው ምላሱን አውጥቶ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ዱላና ድንጋይ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አንዳንዴ ግን ዘግይቼ እደርሳለሁ። ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝም እነዚያ የዘገየሁባቸው ቀናት ናቸው።

ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ቀጭን ውሻ ስለሚፈጥን አታጥግበው» ይባላል። ቅጥነትና ረሃብ አንድ አይደሉም። ውሻን የሚያስሮጠው የጭኑ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ከምግብ ነው የሚመጣው። የተራበ ውሻ የሚሮጠው ወደ ቆሻሻ መጣያው ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

«ጭራው ቢቆረጥ ይቀለዋል።» ውሻ በሩጫ ላይ ድንገት ሲታጠፍ ሚዛኑን የሚጠብቀው በጭራው ነው። ተዉለት።

«ሚጥሚጣ የበላ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል።» ሆዱ ይቃጠላል እንጂ ሌላ የሚሆነው ነገር የለም።

«የፈረንጅ ውሻ ካልሆነ ሩጫ የት ያውቃል!» የምትለዋ ደግሞ በተለይ ታበሳጨኛለች። እርግጥ ነው፣ በፍጥነቱ ዓለም የሚያውቀው ግሬይሀውንድ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ግን ለአጭር ርቀት ነው፤ የተለመደው ውድድሩ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይደርስ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚመኘው ጀርመን ሸፐርድ በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ፍጥነቱን የሚሰጠው የአካሉ አሠራር እንጂ የመጣበት አገር አይደለም፤ ጥልቅ ደረት፣ የተሰበሰበ ወገብ፣ ረጅም እግር። ከኩታበርና ከደላንታ በጎች ተከትለው የሚመጡትን ውሾች ደረታቸውንና ወገባቸውን እዩ። ሲጋልቡም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ወገባቸው እንደ ደጋን ይታጠፍና ይፈታል፣ የኋላ እግራቸው ከፊተኛው አልፎ ይረግጣል። ግሬይሀውንድ በአንድ ዙር እርምጃ ሁለት ጊዜ አራቱም እግሩ ከመሬት ይነሳል፤ አንዴ ተሰብስቦ፣ አንዴ ተዘርግቶ።

«ውሻ ቢያባርረኝ ሮጬ አመልጣለሁ።» አታመልጥም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ተራ የቤት ውሻ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ከዚያ በላይ ይሮጣል። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲገባ ጫፍ ላይ የደረሰበት ፍጥነት በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱ ብዙውን የሰፈር ውሻ ይቀድም ይሆናል። እኔና እናንተ ግን አንቀድምም። ደግሞ መሮጣችን ራሱ ውሻውን «ተከተለኝ» ይለዋል። ቁሙ፤ ዓይን ለዓይን አትፋጠጡ፤ አትጩሁ፤ ቦርሳም ሆነ ነጠላ በመሃል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሽሹ። ድንጋይ የሚያነሳ መስሎ ማጎንበስ ብዙውን የመንገድ ውሻ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ልጆችን ግን ይህን አታስተምሯቸው፤ ልጅ ካጎነበሰ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ከበዱት ልምጣ።

«ውሻ ሩጫ አይደክመውም» የሚለው ወሬ ውሻ ሲገድል አይቻለሁ። ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወጣት ጠዋት ጠዋት ልምምድ ይሠራል። አንድ ቀን አርፍዶ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ውሻውን አስከትሎ አስፋልት ለአስፋልት ሮጠ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ደህና ነበር። ውሻው መመለሻው ላይ ወደቀ። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልብም፤ ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ብቻ ነው፣ እሱም ከቁጥር አይገባም። ሙቀቱን የሚያስወጣው እያለከለከ ነው፤ ምላሱን ያወጣ ውሻ ታሟል የምትሉትም ይኸው ነው። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት አለው። ያን ውሻ ስለካው 41.6 አነበብኩ። ጥላ ሥር አስተኝተን ከአንገቱ እስከ ጭኑ ውሃ እያፈሰስን በካርቶን አራገብንለት። ተረፈ። ከእሱ በኋላ የመጡልኝ ሁለት ሌሎች ግን አልተረፉም። ልጁ ደጋግሞ «ግን እኮ ደስ ብሎት ይከተለኝ ነበር» ይለኝ ነበር። አዎ፣ ይከተላል። ውሻ ጌታውን እስኪወድቅ ድረስ ይከተላል፤ «በቃኝ» የማለቱን ሥራ ለእናንተ ትቶታል።

አላስካ ውስጥ በየዓመቱ በሚደረገው የኢዲታሮድ ውድድር ውሾች በረዶ ላይ ሸርተቴ እየጎተቱ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ቀዳሚዎቹ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ይገባሉ። ያ በረዶ ነው። በሙቀት ረጅም መንገድ ከሆነ ግን ሰው ውሻን ይበልጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በማለዳ ከጦሳ ተራራ ሥር የሚፈነጭ ውሻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ ይባስ ብሎም ባቲ ላይ፣ ያው ውሻ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉና እስከ ሰባት ቁጠሩ። እጃችሁ ካልቻለው መዳፉም አይችለውም።

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። «የሚሮጥ ውሻ አብዷል።»

ስህተቱ የሚጀምረው ከስሙ ይመስለኛል። «የእብድ ውሻ በሽታ» ስንል ሰው ዓይኑ እብደት ይፈልጋል፤ እብደት ደግሞ ለእሱ ሩጫ ነው። ሆጤ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት «ልጅየ፣ ድረስልኝ፣ ሊገድሉብኝ ነው» ብለው ደወሉልኝ። «አብሽሩ» ብዬ በባጃጅ ደረስኩ። ቡቺ የሚባል የአሥር ወር ውሻ ነው፤ ጠዋት ይታሰራል፣ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ 11 ሰዓት ላይ ይፈታል። እንደደረስኩ ታስሮ ነበር። «ፍቱት» አልኩ። ማንም አልደፈረም፤ እኔው ፈታሁትና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ቂጡን ዝቅ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አደረገ፣ ጭራውን ሸጎጠና ተወነጨፈ። በባሕር ዛፍ እንጨቱ ክምር ዞረ፣ በተሰጣው ልብስ ሥር ሾለከ፣ ግድግዳው ጋ ሲደርስ አቧራ እያስነሳ ተጠማዘዘ። መንገዱ ላይ ቢጫ ጀሪካን ነበር። በአራቱም ዙር አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም፤ በስንዝር ርቀት ያልፈዋል። አምስተኛው ላይ ከልጁ ፊት የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ቂጡን ሽቅብ አንስቶ ቆመ፤ ጨዋታ ነው የሚጠይቀው። ልጁ ስሙን ሲጠራው ጆሮው ተነሳ። ከዚያ ዘፍ ብሎ ተኛ። በሰዓቴ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ይህ ቡረቃ ነው። ጥጃ ይቦርቃል፣ ግልገል ይቦርቃል፣ ማንም አበደ አይልም። ቡችላና ወጣት ውሻም ከእስር ሲፈታ፣ ከታጠበ በኋላ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይቦርቃል።

እውነት የታመመው ውሻ ጀሪካኑን ሳያይ ይገጨዋል። ስሙ ሲጠራ እንደማያውቅ ይሆናል፣ ሳይነኩት ይነክሳል፣ እንጨትና ድንጋይ ይቆረጥማል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። እያንዳንዱ ምልክት በሁሉም ላይ አይታይም፤ የጠባዩ መለወጥ ግን ይታያል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ደግሞ ጭራሽ የማይሮጠው ነው። በሽታው ዝምተኛ መልክም አለው። አንድ አባወራ ውሻውን በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ «ጨዋ ሆኗል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ አጥንት ተሰክቶበት መሰለኝ አፉን መግጠም አቃተው» አለኝ። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል። ሰውየው አጥንቱን ላውጣ ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮው ከትቶ ነበር፤ ጣቱ ላይ ደግሞ የማረሻ ጭረት ነበረው። ያኔውኑ እጁን በሳሙና አስታጥቤ ወደ ጤና ተቋም ላክሁት። ውሻው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰውየው መርፌውን ሳያቋርጥ ጨረሰ፣ ዛሬም በሬዎቹን ይዞ ይመጣል። ቡቺን ሊገድሉ የወጡት ጎረቤቶች ይህን ውሻ ቢያዩ «ምስኪን» ብለው ይዳብሱት ነበር።

ከዚህ ጋር የምትሄድ ሌላ አደገኛ ወሬ አለች፤ «ውሃ አቅርቡለት፣ ከጠጣ አላበደም»። ውሃ መፍራት የታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። የታመመ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ ካልጠጣም ጉሮሮው መዋጥ አቅቶት ነው። በውሃ አትፈትኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው ይገድላል፤ ሰው ላይ የሚደርሰው እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጸበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም፤ መርፌው ግን ይቅደም። ነካሹ ባለቤት ያለው ውሻ ከሆነ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ይታመማል፣ ይሞታል። እስኪለይ ብላችሁ ግን የራሳችሁን መርፌ አታዘግዩ። ውሻችሁን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ ከዚያ በየዓመቱ። የመጀመሪያውን የሰው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 የሰጠው ሉዊ ፓስተር የሞተበት ቀን፣ መስከረም ውስጥ፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ይውላል። የመስቀልን ማግስት ለማስታወስ ማን ይቸገራል?

አንድ የቀረኝ «ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ብርቱ ዘበኛ ይሆናል» የሚለው ነው። የሚሆነው ድንጉጥ ነው። በሁለት ክንድ ሰንሰለት ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የዋለ ወጣት ውሻ ሲፈታ ካልሮጠ ምን ያድርግ? እናንተ ያጠራቀማችሁበትን ጉልበት ሲያወጣ ነው «አበደ» የምትሉት። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት አንቀሳቅሱት፤ ብዙው በሶምሶማ፣ ጥቂቱ በግልቢያ ይሁን። ከበላ በኋላ ወዲያው አታስሩጡት፤ በተለይ ደረተ ጥልቁ ትልቅ ውሻ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ይህ በሰዓታት ይገድላል። ቡችላን አስፋልት ላይ ረጅም ርቀት አትጎትቱት፤ የአጥንቱ ማደጊያ ገና አልጠነከረም፣ እንደ ዝርያው ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አፍንጫው የተጨፈለቀውን ውሻ ደግሞ ከነጭራሹ አታስሩጡት፤ መተንፈሻው ጠባብ ነው።

ፍቱት ስል ግን ወደ ደጋው ልቀቁት ማለቴ አይደለም። ቦረና ሳይንትና አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮዎች አሉን፤ በዓለም የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። አይጥ አድብተው ነው የሚያድኑት። ያልተከተበ ውሻ ሲንከራተት የሚያደርስባቸው በሽታ ግን ይጨርሳቸዋል።

የቡቺ ባለቤት ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወሉ። ሰዓቱ ያው 11 ከ30 ነበር። «ልጅየ፣ ዛሬ ፈታነው፣ አልሮጠም» አሉኝ። በባጃጅ ሄድኩ። የፊት ግራ መዳፉ መሃል፣ በሁለቱ ጣቶች መካከል፣ የግራር እሾህ ተሰብሮ ገብቶበት ነበር።