ተርኒቲን «18 በመቶ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ተመራቂ ስለ ጽሑፉ «ተርኒቲን 18 ፐርሰንት ሰርቀሃል አለኝ» ብሎ ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። አይዞህ ወንድሜ! ቁጥሩ የስርቆት ልክ አይደለም። ተርኒቲን ጽሑፍህን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ነው፤ የሚያሳየውም ከሌላ ጽሑፍ ጋር የተመሳሰለውን ነው። በትምህርተ ጥቅስ ያስቀመጥከው፣ የዋቢ ዝርዝርህ፣ ሁሉም የሚጽፈው የጥናት ዘዴ አገላለጽ ሳይቀር ሊቆጠር ይችላል።

ተቃራኒው ይብሳል። ስለ ፋሲል ግንብ አንድ ተመራማሪ የደረሰበትን ሐሳብ ወስደህ «ሠራ»ን በ«ገነባ»፣ «ንጉሥ»ን በ«አፄ» እየቀየርክ ብትጽፈው፣ ቁጥሩ 3 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምንጩን ካልጠቀስክ ግን ያው ስርቆት ነው። ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ የራስ ማስመሰልም እንደዚያው። (ጎንደርን አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆረቆሯት ለማለት ግን ምንጭ አያሻም፤ የአደባባይ እውቀት ነው።)

አንዳንድ መምህራንም ቁጥሩን ብቻ አይተው ያልፋሉ ወይ ይጥላሉ። እንደኔ ይሄ ስንፍና ነው። ሪፖርቱን ከፍቶ ቀለም የተቀባውን መስመር በመስመር ማንበብ ያስፈልጋል።

ልጁም እዚያው ቆሞ ከፈተው። አብዛኛው የዋቢ ዝርዝሩ ነበር።