በፍሬም የሚቆጠር ግልቢያ፦ የድሮ የሞተር ውድድር ጌም በመሣሪያ ታግዞ ሲሮጥ

በመሣሪያ የታገዘ የፍጥነት ጨዋታ፣ በአጭሩ «ታስ»፣ አንድን ጌም የሰው እጅ በማይደርስበት ጥራት ተጫውቶ ማሳያ ጥበብ ነው። ጌሙ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። የድሮውን ማሽን የሚያስመስለው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። ኢሙሌተሩ ጨዋታውን ያቆማል፣ አንድ ምስል ብቻ ወደፊት ያራምዳል፣ ስትሳሳት ቀድሞ ወዳስቀመጥከው ቦታ ይመልስሃል። ሠሪው ለእያንዳንዷ ምስል፣ ማለትም ለእያንዳንዷ ፍሬም፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ይወስናል።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ወጣትነታቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ አጎቴ አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ቤታችን መጡ። ላፕቶፔ ላይ አንድ ሞተረኛ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል።

«ምነው ይኼ ልጅ አይወርድም?» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀጥሎ የሚጫነውን እያሰብኩ ነው። ካልሆነ መልሼ አጠፋዋለሁ።»

«እህ! እየቆጠርክ ነዋ» አሉና ወደ ቡናቸው ዞሩ።

ልክ ናቸው። ቅኔ ቤት ውስጥ ቆጠራና ዘረፋ ለየቅል ናቸው። ተማሪው ጥግ ይዞ፣ ቃል እየጣለና እያነሳ፣ ቤቱ እስኪሞላ ሲለፋ ቅኔ ይቆጥራል። በጉባኤ መካከል ቆሞ ሲያፈሰው ደግሞ ይዘርፋል። ጆይስቲክ ይዞ በቀጥታ የሚሮጥ ተጫዋች ዘራፊ ነው፤ ታስ ሠሪው ቆጣሪ። የሁለቱ ሰዓት አንድ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

ይህ ልዩነት ድሮ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 3ን በ11 ደቂቃ ገደማ የሚጨርስ የአንድ ጃፓናዊ ቪዲዮ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ብዙ ሰው በእጅ የተጫወተው መስሎት አፉን ያዘ። አሠራሩ ሲታወቅ «ተሸወድን» ያለው ብዙ ነበር። አሁን ሥራው ታስ መሆኑን አስቀድሞ መናገር የሙያው ወግ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ኔስ የሚባለው የኔንቲዶ ኩባንያ የድሮ የጌም ማሽን በሰከንድ 60 ያህል ፍሬም ያሳያል። የአንድ ደቂቃ ጨዋታ 3,600 ውሳኔ ማለት ነው። መቆጣጠሪያው 8 ቁልፍ ስላለው በአንድ ፍሬም 256 ዓይነት አጫጫን ይኖራል። በመጨረሻ የሚገኘው ፋይል ጽሑፍ ነው። ኤፍሲኢዩኤክስ በሚባለው ኢሙሌተር ፋይሉን ከፍተህ ብታይ ለአንድ ፍሬም አንድ መስመር ታገኛለህ። ያልተጫነ ቁልፍ ቦታው ላይ ነጥብ ይቀመጣል፣ የተጫነው ፊደሉ ይጻፋል። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ፊደል፤ ገጽ ሙሉ። የሚገርመው ከዚህ ውስጥ ሞተር ሲዘል መውጣቱ ነው። ፋይሉ ትንሽ በመሆኑ ኔትወርክ በተኛበት ቀን እንኳ በቴሌግራም ይሄዳል።

ለምሳሌ የምወስደው ኤክሳይትባይክን ነው። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ ያወጣው የሞተር ውድድር ነው። እኔ ያወቅኩት ብዙ ጌም ታጭቆበት ከሚመጣው ካሴት፣ ኔስን አስመስሎ በተሠራ ማሽን ነበር። ሁለት ነዳጅ አለው። አንዱ ተራ ነው። ሌላው ቱርቦ ሲሆን ያስፈተልካል፣ ግን ሞተሩን ያግለዋል። የሙቀት መለኪያው ከሞላ ሞተሩ ዳር ወጥቶ እስኪበርድ ይቆማል። መንገዱ ላይ የተሳሉ ቀስቶችን ከረገጥክ ደግሞ ሙቀቱ ይወርዳል። ሰው ሲጫወት ፈርቶ ነዳጅ ይለቃል። ታስ ግን መለኪያውን እስከ አፉ ይሞላውና አንዲት ፍሬም ሲቀረው ቀስቱ ላይ ይወጣል። ተመልካቹ መለኪያውን አይቶ «በቃ፣ ቆመ!» ሲል ሞተሩ ያልፋል። እኔ በበኩሌ ከዝላዩ ይልቅ ይህን እወዳለሁ።

ዝላዩም የራሱ ሒሳብ አለው። አየር ላይ የሞተሩን አፍንጫ ማንሳትና መድፋት ይቻላል። ጎማዎቹ ከተዳፋቱ ጋር ገጥመው ካላረፉ ፍጥነት ይጎድላል፣ ሲብስም ጋላቢው ተንከባሎ ሣር ላይ ይወድቃል። ከፍ ብሎ መብረር ዓይን ይማርካል፤ ሰዓት ግን ሊበላ ይችላል።

የውድድር ጌም ታስ ዋና ችግሩ መሰልቸት ነው። ያው መንገድ፣ ያው መታጠፊያ፣ ዙር በዙር። ፍጹም የሆነ ነገር ሦስት ጊዜ ሲደገም ያስተኛል። መድኃኒቱን የአዊ ፈረሰኞች ያውቁታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። እዚያ ሜዳ ላይ ሕዝቡን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ፈረሱ እየሸመጠጠ ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ወይም ወደ ጎን ተንጋዶ መሬት ሊነካ የሚደርሰው ጋላቢ ነው። ፈረሱ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ትርኢቱ የሚሠራው ከላይ ነው።

ታስም እንዲሁ ነው። ቁልፍ ብትጫን ባትጫን ሰዓቱ የማይለወጥባቸው ፍሬሞች አሉ። ጨዋታ የሚፈሰው እነሱ ላይ ነው። ኤክሳይትባይክን ብቻህን ከሮጥክ ስክሪኑ ባዶ ነው። ተፎካካሪዎች ያሉበትን ስትመርጥ ግን ነገሩ ይሞቃል። የፊት ጎማህ የሌላውን የኋላ ጎማ ከነካ አንተ ትወድቃለህ። የእሱ የፊት ጎማ የአንተን የኋላ ጎማ ከነካ እሱ ይወድቃል። ስለዚህ ሰዓት ሳያባክኑ ፊቱ መግባትና መጣል ነው። በሚቀጥለው ዙር ግን አትድገመው። አንዱን የሞተርህን ጭራ አሳይተህ እለፈው፣ ሌላውን አየር ላይ ተሻገረው።

አንዳንዴ ፍጥነቱ ራሱ ትርኢቱን ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ማሪዮ ካርት 64 ግድግዳ ዘልሎ ዙር ማሳጠር የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። ጌሙ ይሸወድና ያልተነዳውን መንገድ እንደተነዳ ይቆጥረዋል። አንዴ ሲያዩት ያስቃል። ሁልጊዜ ከሆነ ግን ውድድሩ የታለ? በእኔ እምነት ሁለት ሥራ ማውጣት ይሻላል፤ አንዱ ለሰዓት፣ አንዱ ለዓይን።

ጀማሪ ሙሉ ጌም አይነሳ። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ አንተም በአንድ መንገድ ጀምር። የጌሙን ቅጂና የኢሙሌተሩን ስሪት መዝግበህ ያዝ። ፋይልህ በሌላ ቅጂ ላይ ከተጫወተ ቁልፎቹ በአንዲት ፍሬም ሊዛነፉ ይችላሉ። ያኔ ሞተረኛህ የሌለ ኮረብታ ሊዘል አየር ላይ ሲፈራገጥ ታየዋለህ። የጌሙን ሚሞሪ የሚያሳየውን የኢሙሌተሩን መመልከቻም ተማር፤ ፍጥነቱንና ቦታውን በቁጥር ያሳይሃል፣ በዓይን የማይታየው ልዩነት እዚያ ይታያል።

ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ማታ መብራት ድርግም ሲል 400 ፍሬም ይዞብኝ ሄደ። ጌሙ ውስጥ 7 ሰከንድ አይሞላም፤ ለእኔ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር። በማግስቱ እየተነጫነጭኩ እንደገና ቆጠርኩት። አዲሱ ከጠፋው በ3 ፍሬም ፈጠነ።